ማስተካከያ፦ ስለ ጎድን ጥብስ ስጎ

ቀደም ሲል ባወጣነው የባርቤኪው ስጎ አሠራር ላይ «ጎድኑ ከሰል ላይ ከመጣዱ በፊት ስጎው ይቀባ» የሚለው «ለመብሰል 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ይቀባ» ተብሎ ይታረም። ስጎው ስኳር ስላለበት ቶሎ ያርራል፤ ላዩ ጠቁሮ ሲመር አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ገና ጥሬ ነው።

ለ1 ኩባያ ካቻፕ የሚበቃው አቼቶም ሩብ ኩባያ እንጂ 1 ኩባያ አይደለም። ያን ያህል የጨመረ ሰው የሚበላው ሰላጣ ነው!

ካቻፕ ከሌለ ከድሬዳዋው ከፊራ ገበያ የተገዛ የቲማቲም ድልህ በውሃ ቀጥኖ ያገለግላል፤ ስኳሩ ግን ከፍ ይበል። በድሬዳዋ ሙቀት የተረፈው ስጎ ወዲያውኑ ማቀዝቀዣ ይግባ። ጥሬ ሥጋ የነካ ብሩሽ የተነከረበት ከሆነ ይደፋ።