ስልጠናውን ያብዛልን

ለጋሾችን የሚያማ ሰው ደስ አይለኝም። በታዳጊ አገሮች ነጻ ጋዜጠኝነት እንዳይጠፋ ከሩቅ ሆነው የሚጨነቁ፣ ተጨንቀውም ዝም የማይሉ፣ ጭንቀታቸውን በወርክሾፕ የሚወጡ ደጎች ናቸው። ዘጋቢው የትራንስፖርት አጥቶ ቢሮ በተቀመጠበት ሳምንት ስለ ምርመራ ዘገባ የ3 ቀን ስልጠና ከነሻይ ሰዓቱ የሚያዘጋጅለት ከእነሱ ሌላ ማን አለ?

የማመልከቻ ቅጹን ያየ ሰው የልግስናቸውን ጥንቃቄ ይረዳል። መደበኛ ደመወዝ አይሸፈንም። የቢሮ ኪራይ አይሸፈንም። ዘጋቢ ቢከሰስ የጠበቃ ክፍያም እንደዚያው። ንፍገት እንዳይመስላችሁ፤ ጋዜጠኛው በየወሩ መብላት ለምዶ እንዳይሰንፍ ታስቦ ነው። ባነር ግን ይሸፈናል። ሎጎው በየትኛው ጥግ እንደሚቀመጥና ከሌላው ሎጎ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያስረዳ መመሪያ ከነአባሪው ይላካል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ «የሚጠበቅ ውጤት» የሚለው ሳጥን ነው። ዘጋቢው አንድ ሰነድ ሳያገላብጥ፣ ማን ምን እንደሰረቀ ሳያውቅ፣ ምን እንደሚያገኝና በ6 ወር ውስጥ የትኛው ሕግ እንደሚሻሻል እዚያ ላይ ይሞላል። ትንቢት ድሮ በጸጋ ነበር፤ ዛሬ በሎግ ፍሬም፣ ማለትም ለጋሽ በሚጠይቀው የዕቅድና የውጤት ሰንጠረዥ ሆኗል። ሌባው በፕሮፖዛሉ ከተጠቀሰው ሰው ሌላ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ችግር የለም፣ የፕሮጀክት ማሻሻያ ጥያቄ በጽሑፍ ይቀርባል። ምላሹ እስኪመጣ ሌባው ይታገሣል።

ሕዝቡም ትዕግሥት ተምሯል። ውሃ የጠፋበት ሰፈር ነዋሪ ዓምና ዜና ሊሆን አልቻለም፤ ዓምና በለጋሾች ዘንድ የሐሰተኛ መረጃ ዓመት ነበር። ዘንድሮ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የድጋፍ ጥሪ ሲወጣ ቧንቧውን ይዞ ብቅ ይበል።

ስልጠናውማ ሙያ አስተምሮናል። ከመጀመሪያው ሻይ በፊት የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ በመጨረሻው ቀን ያው ፈተና ይደገማል፣ ልዩነቱ «የእውቀት ዕድገት» ተብሎ ለለጋሹ ይላካል። መረጃ ስለማጣራት ለአምስተኛ ጊዜ የሚሰለጥን አንጋፋ ባልደረባ ታዲያ የመጀመሪያውን ፈተና በጥንቃቄ ይሳሳታል። ሁሉንም አውቆ ቢመልስ ዕድገት ከየት ይመጣል? አዘጋጆቹ እንዳይከስሩ፣ እሱም ለስድስተኛው እንዲጠራ፣ በፈተናው ላይ ያለውን ሐሰተኛ ፎቶ እውነተኛ ነው ብሎ ይከብበዋል። (መረጃ በማጣራት ስልጠና ላይ የሚቀርበውን ይህን የዕድገት ቁጥር የሚያጣራ እስካሁን አልገጠመኝም።)

ገንዘቡ ራሱ ብዙ አገር ያየ ነው። ከመንግሥት ወደ ተቋራጭ፣ ከተቋራጩ ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ከዚያ ወደ ቀጣናዊ ጥምረት፣ ከጥምረቱ ወደ አገር ውስጥ አጋር ሲወርድ በየማረፊያው የአስተዳደር ወጪውን እየከፈለ ነው። ዜና ክፍል ሲደርስ ከስቶ ይገባል። ከዓለም ይፋዊ የልማት ዕርዳታ ለሚዲያ የሚመደበው ቀድሞውንም 0.3 በመቶ ገደማ ስለሆነ ብዙም የሚከሳ ሥጋ አልነበረውም።

ይህን መልካም ልማድ የሚያበላሹም አልጠፉም። የሕዝብ ጥቅም ሚዲያ ዓለም አቀፍ ፈንድ የሚባለው፣ የ2021 የኖቤል ሰላም ተሸላሚዋ ጋዜጠኛ ማሪያ ሬሳ በተባባሪ ሊቀመንበርነት የመራችው ተቋም፣ ለዜና ተቋማት ራሳቸው በፈለጉት የሚያውሉት ገንዘብ እንስጥ ብሎ ተነስቷል። ኪራይ ይክፈሉበት ማለት እኮ ነው! ነገ ደግሞ ዘጋቢ ይቅጠሩበት ይባላል።

ያም ሆኖ የዘላቂነትን ጥያቄ ሳላደንቅ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የ12 ወር ድጋፍ የሚጠይቅ ተቋም፣ ድጋፉ ካለቀ በኋላ በራሱ እግር እንዴት እንደሚቆም በ250 ቃላት ያስረዳል። ማስታወቂያ የሚሰጠው የለም፤ ሊሰጡት የሚችሉት የሚመረምራቸው ናቸው። አንባቢው የሚከፍለው የለውም። እሱ ግን «የገቢ ምንጮችን በማስፋት» ብሎ ይጽፋል፤ ጠያቂውም ይረካል።

ዘላቂነት ያስተማሩን ሰዎች የራሳቸውን ዘላቂነት ያሳዩን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ በዚያ ቀን ፈረሙ። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው የፕሬስ ነጻነት ተሟጋች ድርጅት እንዳለው ኮንግረሱ ለ2025 ለነጻ ሚዲያና ለመረጃ ነጻ ፍሰት የመደበው 268 ሚሊዮን ዶላር ቀጥ አለ። የአሜሪካው የልማት ዕርዳታ ድርጅት የዩኤስኤአይዲ ዕርዳታ በ2023 ብቻ ለ6,200 ጋዜጠኞችና የመንግሥት ላልሆኑ 707 የዜና ተቋማት ደርሶ ነበር። በዩክሬን ከ10 የዜና ተቋማት 9ኙ በድጎማ የሚኖሩ ሲሆኑ ዋናው ለጋሽም ይኸው ነበር። የሚገርመው፣ የበለጸጉት አገሮች የልማት ዕርዳታ ኮሚቴ ለሚዲያ የሚሰጠውን ድጋፍ ስለማሳደግ ጭምር የሚናገሩ ስድስት መርሆች በማርች 2024 አጽድቆ ነበር፤ አሜሪካም የኮሚቴው አባል ናት። ዕርዳታው ሲታገድ መርሆቹ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ለጋሹን ግን የ250 ቃላት የመውጫ ዕቅድ ጻፍ ያለው የለም።

እኛም ሙያችንን ጠብቀን ተቀምጠናል። ሠራተኛ የቀነሱት ቀንሰዋል፣ የዘጉት ዘግተዋል። ለተረፉት ደግሞ ጥሪ አይጠፋም፤ ርእሱ እንደ ልማዱ «ከለጋሽ ጥገኝነት መላቀቅ» ይሆናል። ለጋሹ ሙሉ ወጪውን ይሸፍናል። ማመልከት የሚችለው ያለፉት 3 ዓመታት የኦዲት ሪፖርት ያለው ብቻ ነው፤ የኦዲተሩ ክፍያ አይሸፈንም።