ሐዲዱ አለ፣ ባቡሩስ?

ዛሬ ጠዋት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተገተርኩ። ደሴ እኮ ነው የምሄደው! ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር! ሚኒባሱ ሲመጣ ግፊያ ነው። የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት ሆነን፣ ከታሪፍ በላይ ከፍለን ዳገቱን ተያያዝነው። አንዲት እናት ሕፃን እንዳዘሉ መሬት ቀሩ። ያ ነው ያንገበገበኝ።

መንገዱን ሙሉ ያ ሐዲድ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከአዋሽ ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ ወልድያ አቅራቢያ ሃራ ገበያ የሚደርሰው። 390 ኪሎ ሜትር ገደማ። 1.7 ቢሊዮን ዶላር የተባለለት፣ ያውም አብዛኛው በብድር። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው ሲጀመር ምን ያላልን አለ! ተራራ ተበሳ። ድልድይ ቆመ። ገበሬው መሬቱን ለቀቀ። እስከ ኮምቦልቻ የሙከራ ጉዞ ሁሉ ተደረገ። ታዲያ ማን ተሳፈረበት? እኔ የማውቀው አንድም ሰው የለም። የኤሌክትሪክ ኃይል አልደረሰም ተባለ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ተዘረፈ፣ ወደመ። እሺ፣ ከጦርነቱ በፊትስ? በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ኤሌክትሪክ እንደሚፈልግ ውሉ ሲፈረም አይታወቅም ነበር?

ድሮም ለባቡር ይህን ያህል ብር ማውጣት አይገባም የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ይገባል! የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን በከባድ መኪና እስከ ጅቡቲ የሚያመላልሱት እስከ መቼ ነው? ግን ጀምሮ መተው ምን የሚሉት ነው? ሥራው ቢቆም ዕዳው አይቆምም። የምንከፍለው እኛ ነን፤ ልጆቻችንም ጭምር።

ለእኚያ እናትስ ምን ይባላል? ሌላ አሥር ዓመት ይጠብቁ?