ሰም የጠጣ ፎቶ

የክርክሩ ርዕስ፦ የታተመ ፎቶ ላይ ሰም ቀብቶ በስቴንስል (ጥለት በተቆረጠበት ፕላስቲክ) ጥለት ማውጣት ፎቶውን ያሳምረዋል ወይስ ያበላሸዋል?

ሰዓሊዋ (ድሬዳዋ)፦
ሦስት ወር ስሞክረው ቆየሁ። የሐረርን ሸዋ በር ፎቶ ስስ ወረቀት ላይ አሳትሜ ጣውላ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ የንብ ሰም ከዳማር ሙጫ ጋር አቅልጬ ቀባሁት። ወረቀቱ ሰሙን ሲጠጣ ቅባት እንደነካው ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል፣ የጣውላው መስመር ከፎቶው ስር ብቅ ይላል። በላዩ ላይ የሐረር ስፌት ጥለት የቆረጥኩበትን ፕላስቲክ አስቀምጬ በቀይ ሰም ቀባሁበት። ፕላስቲኩ የሚነሳው ሰሙ ለብ እንዳለ ነው፤ ከደረቀ ጠርዙን ቦጭቆት ይነሳል። ስንቱን አበላሽቼ ነው ይቺን ያወቅኩት! በየንብርብሩ በሙቅ አየር መንፊያ ማዋሃድም አለ፣ ካልተዋሃደ ይላላጣል። ግን ፎቶው ነፍስ ዘራ። ያለ ሰሙ እኮ ደረቅ ወረቀት ነበር።

ፎቶ አንሺው (ሐረር)፦
ደረቅ ወረቀት? ያ ፎቶ የእኔ ነው፣ በስጦታ የሰጠሁሽ። ፀሐይዋ ግንቡን ከጎን እስክትመታው ብዬ አራት ቀን ጎህ ሳይቀድ ወጥቻለሁ። በግራ በኩል ሞሶብ የተሸከመች እናት ነበረች። አሁን የት አለች? ቀይ ጥለትሽ ስር ተቀብራለች። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ውስጥ ያነሳቸው ፎቶዎች ማንም ሰም ሳይቀባቸው ይኸው ዛሬም ይታያሉ። ደግሞ ሰም ለድሬ ሙቀት!

ሰዓሊዋ፦
ጋሼ፣ ራምቦን ባትጠራው ይሻልህ ነበር። ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ በማጠቢያው ውኃ መጥፎነት ፎቶዎቹ ነጭ ሆነውብኛል ብሏል። የግብፅ ፋዩም የመልክ ሥዕሎች ግን ከ1,700 ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ ብዙዎቹ የተሠሩት በሰም ነው። ሙቀቱን በተመለከተ፣ የንብ ሰም የሚቀልጠው 62 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ዳማሩ ደግሞ ያጠነክረዋል። ድሬ ብትሞቅ ብትሞቅ እዚያ አትደርስም።

ፎቶ አንሺው፦
ዲግሪ ቆጠርሽልኝ፣ ስለ እናቲቱ ግን ትንፍሽ አላልሽም። ዕድሜውን በካሜራ እንጀራ የበላ ሰው ሥራው "ደረቅ ወረቀት" ሲባል ምን እንደሚሰማው ታውቂያለሽ? ሰሙ ባይቀልጥም ይለሰልሳል፣ አቧራ ይይዛል። የድሬውን የደቻቱ ወንዝ አቧራ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከጣውላው ግርጌ የተጻፈው ስምም የአንቺ ብቻ ነው። ደረቁን ወረቀት ማን አነሳው ታዲያ?

ሰዓሊዋ፦
እሺ፣ "ደረቅ" ያልኩትን አንስቻለሁ። ክፉ አስቤ አይደለም። ግን ሦስት ወር እጄን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ስሜን አልፍቅም። እናቲቱም የትም አልሄደችም። ሰም በምላጭ ቀስ ተብሎ ይፋቃል፣ ከስር ያለው ይወጣል።

ፎቶ አንሺው፦
እንግዲያው ሐረር አምጪውና እኔ ፊት ፋቂው።

ሰዓሊዋ፦
ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ምላጩንም ይዤ። ስሜ ግን ከስምህ በታች አይጻፍም፣ ጎን ለጎን ነው።