መጀመሪያ ያለ ኔት ይሥራ

አዲስ ስልክ ወይም አዲስ አፕ በወጣ ቁጥር ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካሜራው፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ስክሪኑ ነው። የቴክኖሎጂ ፍቅር ያለብኝ ሰው ነኝና እነዚህን ጥያቄዎች አልንቅም፤ ስለ አንድ ካሜራ ብቻ ሲወራ ቢመሽ አይሰለቸኝም። ባሕር ዳር ተቀምጬ ግን ከሁሉም በፊት የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ዳታ ሲጠፋ ይህ ነገር ምን ይሠራልኛል?

ጥያቄው ከየት እንደመጣ የከተማችን ሰው ያውቀዋል። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ሰዉ መደበኛ መስመር ያለበትን ሆቴልና መሥሪያ ቤት እያሰሰ፣ አንድ ማኪያቶ አዝዞ የዋይፋይ ፓስወርድ እየጠየቀ ከረመ። በቴሌግራም ልብስ ይሸጡ የነበሩ ወጣቶች ደንበኞቻቸውን አጡ፤ የውጭ ትምህርት ዕድል የሚሞሉ ተማሪዎች የማመልከቻው ጊዜ አለፈባቸው። ዳታው መቋረጥ አልነበረበትም፤ ይህን ሳልናገር ወደ ዲዛይን ጉዳይ ብገባ ኅሊናዬ አይቀበለኝም። ስለ ዲዛይን የማስበው ግን ከዚያ ወዲህ ተለውጧል።

በእነዚያ ወራት አንዳንዱ አፕ ሲከፈት ነጭ ገጽና የምትሽከረከር ክብ ብቻ ያሳይ ነበር። ትናንት የተነበበ ጽሑፍ፣ ባለቤቱ በራሱ ጣት የጻፈው ማስታወሻ፣ በራሱ ስልክ ያነሣው ፎቶ ሳይቀር «ግንኙነት የለም» ከሚለው መልእክት ጀርባ ተቆልፎ ቀረ። ሌላው አፕ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይከፈታል። ቴሌግራም ከእነዚህ አንዱ ነው። የወረደው መጽሐፍ፣ የድምፅ መልእክቱ፣ የቆየው ወሬ እዚያው ስልኩ ላይ ስላለ ይነበባል፣ ይደመጣል፤ አሁን የሚጻፈው መልእክትም ትንሿን የሰዓት ምልክት ይዞ ይጠብቅና ኔት ሲመጣ ራሱ ይሄዳል። ሁለቱም የተጫኑት በአንድ ስልክ ላይ ነው። የአንደኛው ሠሪ «ኔት ባይኖርስ?» ብሎ አስቦበታል፤ የሌላኛው ጉዳዬም አላለው።

ብዙ ሰው ያለንበትን ቦታ የሚያሳየው ጂፒኤስ ያለ ዳታ አይሠራም ብሎ ያምናል። ይሠራል። ስልኩ የሚያደርገው 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ምድርን ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት መቀበል ብቻ ነው፤ መልሶ የሚልከው ነገር ስለሌለ የሚቆረጥ ብርም የለም። ከኔት የሚመጣው ካርታው ነው፤ ካርታው ቀድሞ ከወረደ ነገሩ አለቀ። ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት የዓለም ካርታ ነው። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ የሚባሉት አፖች ከዚያ ላይ የአገራችንን ካርታ ወስደው ስልክ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ ሲኬድ ዳታን አጥፍቶ መሞከር ነው። ሰማያዊዋ ነጥብ ውኃው ላይ ከጀልባዋ እኩል ትጓዛለች። ከፊት የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ይታያል፤ ከወረዱ በኋላም ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ በቀጭን መስመር ተሥሎ ይጠብቃል። በአንዱ ጉዞ ጀልባውን የሚነዱት ሰው አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ቆዩና «ይኼ ነገር ካርድ አይበላም?» አሉኝ። «አይበላም ጋሼ፣ ካርታው እዚሁ ውስጡ ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው ስንደርስ ለኔም ትጭንልኛለህ።» ጫንኩላቸው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ኔት ሲኖር ስልኩ ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ የሚገልጸውን መረጃ ከኔት ቶሎ ያገኛል። ኔት ሲጠፋ ያንኑ ከራሱ ከሳተላይቱ መቀበል አለበት፤ ሳተላይቱ ደግሞ መረጃውን የሚያስተላልፈው እጅግ በዝግታ፣ በሰከንድ በ50 ቢት ነው። ስለዚህ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ የግድ ይሆናል። ሰዉ ተስፋ ቆርጦ «አይሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ደህና የተሠራ አፕ ቢሆን «ወደ ሜዳ ወጣ ብለህ ጥቂት ጠብቅ» ብሎ በአማርኛ ይነግረው ነበር። ዲዛይን ስል እንዲህ ያለውንም ማለቴ ነው።

ያለ ኔት የሚኖር ዲጂታል ሕይወት አዲስ ሐሳብ የሚመስለው ሰው ካለ ሚሞሪ የሚጭኑትን ሱቆች ይጎብኝ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር፣ ጠርዙ የተላላጠ የካርድ ማንበቢያ። ፋይሎቹ በየፎልደሩ ተለይተዋል፦ «መዝሙር»፣ «የሠርግ»፣ «የጎጃም»፣ «የድሮ»፣ «ድራማ»። ቅዳሜ ገበያ የወጣ ገበሬ ጥፍር የምታክለውን ሚሞሪ ከስልኩ አውጥቶ ይሰጣል። ልጁ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳላት ያይና «ባለፈው የወሰድከውን ላጥፋው ወይስ ይቆይ?» ብሎ ይጠይቃል። የደንበኛውን ምርጫ ያውቃል፤ ምዝገባ የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ በየወሩ የሚከፈል ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ የገበሬው ነው፤ ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌም ይጫወታል። የድምፃውያኑ ድርሻ አለመከፈሉ እውነተኛ በደል ነው፤ ይህን አልሸፋፍነውም። ግን መፍትሔው ሱቆቹን ማሳደድ አይመስለኝም። ለባለመብቶቹ የሚከፈልበት ሕጋዊ አሠራር ተዘጋጅቶ እነዚሁ ሱቆች አከፋፋይ ቢሆኑ፣ የትኛውም የሙዚቃ አፕ ያልደረሰበት ገጠር የሚደርስ መንገድ ተገኘ ማለት ነው።

በዚሁ መንገድ ዕውቀትም መጫን ይቻላል። ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዊኪፒዲያን ያለ ኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚመች ነው፤ የአማርኛው ግን ትንሽ ስለሆነ ተራ ስልክም ይችለዋል። ሚሞሪ የሚጭነው ልጅ ከ«ድራማ» ቀጥሎ «ዊኪፒዲያ» የሚል ፎልደር ቢኖረው ደስታዬ ወሰን የለውም።

ወደ ዕቃው ልምጣ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7ን ያለ ኢርፎን መሰኪያ ሲያወጣ ሌሎቹም ውድ ስልክ ሠሪዎች ቀስ በቀስ ተከተሉት። የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያውም ከብዙዎቹ ውድ ስልኮች ጠፋ። ሁሉንም ነገር ከኔት ለሚያገኝ ሰው ይህ ላይጎዳው ይችላል። እዚህ ግን ሌላ ነው። የስልክ ኤፍ ኤም ሬዲዮ አንቴናው የኢርፎኑ ገመድ ነው፤ መሰኪያው ሲቀር በአብዛኛው ሬዲዮውም አብሮ ቀረ። መብራት በጠፋበት፣ ዳታ በሌለበት ምሽት ባሕር ዳር ኤፍ ኤምን ለማድመጥ የፈለገ ሰው ብዙ ብር ያወጣበት ስልክ ዝም ሲለው፣ የጎረቤቱ ርካሽ ቴክኖ ወይም አይቴል ዜናውን ያሰማል። በዚህ ጉዳይ ርካሹ ስልክ ለእኛ በተሻለ ታስቦ ተሠርቷል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ስልክ ልግዛ ብሎ ለሚያማክረኝ ሁሉ መሰኪያና የካርድ ቦታ ያለውን ምረጥ እላለሁ።

ገንዘብም አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሲጀመር በአፕ ብቻ ቢወሰን ኖሮ ቁልፍ ስልክ የያዘው ሕዝብ በሙሉ ከውጭ ይቀር ነበር። በስልኩ መደወያ የሚገባበት *127# ግን ዳታ አይፈልግም፤ የሚሄደው ስልኩ ከኔትወርኩ ጋር በሚነጋገርበት በራሱ መስመር ነው፣ በማንኛውም ስልክ ላይም ይሠራል። ቁጥር እየመረጡ መሄዱ አሰልቺ ነው፤ ትንሽ ከዘገዩም ይቋረጥና እንደገና ያስጀምራል። ቢሆንም እንደ እኔ ከሆነ በእጃችን ካሉት ዲጂታል አገልግሎቶች ሁሉ ለኑሯችን የቀረበው ይህ ነው።

አጭር መልእክት ላይ ግን ፊደላችን ተበድሏል። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ሆሄ ይገባል፤ የግዕዝ ሆሄ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ግን 70 ብቻ። ረዘም ያለ የአማርኛ መልእክት በቀላሉ ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል፤ ላኪው ድርጅትም ወጪውን አስልቶ እንግሊዝኛውን ሊመርጥ ይችላል። ይኸኔ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት ብር ገባላቸው ወይስ ወጣባቸው ለማወቅ የጎረቤት ልጅ ይጠራሉ፤ የሂሳባቸው ምሥጢርም እዚያው ይወጣል። ይህ መሆን የለበትም። «ከአበበ 500 ብር ደርሶዎታል። ቀሪ ሂሳብ 1,240 ብር።» የሚለው 40 ሆሄ እንኳ አይሞላም። አሳጥሮ የሚጽፍ ሰው ከተገኘ 70 ይበቃል።

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ «ኔቱ ሲስተካከል ይህ ሁሉ ይቀራል» ይሉኛል። አልስማማም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ኩባንያው በራሱ ኔትወርክ ላይ በሠራው ስሕተት ለስድስት ሰዓት ያህል ከመላው ዓለም ጠፍተዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ደግሞ ከባሕር በታች የተዘረጉ ኬብሎች ተበጥሰው የኬንያና የታንዛኒያ ኢንተርኔት ተሽመድምዶ ነበር። ኔት በሽ በሆነበትም አገር ያለ ኔት የሚሠራው አፕ ይፈጥናል፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ ፓኬጅም ቶሎ አይጨርስም።

ወጣት ዲቨሎፐሮቻችን ለዚህ መሣሪያ አላጡም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት፣ የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው ሶፍትዌር፣ በየቀኑ በእጃቸው ነው። ኮዱን ያለ ኔት ይጽፋሉ፣ የሥራውን ታሪክ እዚያው ኮምፒውተራቸው ላይ ይመዘግባሉ፣ ኔት ሲመጣ ይልካሉ። ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሽ የመረጃ ቋትም በየአንድሮይድ ስልኩ ውስጥ ተቀምጧል። ከባዱ ሥራ ሌላ ቦታ ነው። ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የአንዲትን እናት መዝገብ በየፊናቸው ያለ ኔት ቢያስተካክሉ፣ ኔት ሲመጣ የማንኛቸው ይያዝ? የኋለኛው የፊተኛውን ያጥፋው? ወይስ ሁለቱም ይቀመጡና ሰው ይወስን? ለመድኃኒት መጠንና ለስልክ ቁጥር መልሱ አንድ ሊሆን አይችልም። ይህን ደግሞ ሌላ አገር የተቀመጠ ኩባንያ አስቦ አይጨርስልንም፤ የጤና ጣቢያችንን አሠራር የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ ሊያስብበት ይገባል።

ስለዚህ በፖሊ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ለሚያስተምሩ መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ። ተማሪው የመመረቂያ አፑን ይዞ ሲቀርብ ስልኩን ተቀበሉትና የአውሮፕላን ሞድ አብሩ። አንድ አዲስ መዝገብ አስገቡበት፤ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ መዝገቡ አለ ወይስ ጠፍቷል? ከዚያ ኔቱን መልሱለትና መዝገቡ ሰርቨሩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መግባቱን፣ ሁለት ጊዜ አለመደገሙን እዩ። ፈተናው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከመቶው 20 ነጥብ ለዚህ ይያዝለት፤ ተማሪዎቹም ይህን ሥራውን ሲጀምሩ ይወቁት።