ይገባል!

ሰሞኑን አንድ ቃል ጠምዶ ይዞኛል። «ይገባል» የሚባል ቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ የምንላቸው አጎቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሳሎናቸው ጥግ ላይ በ2001 ዓ.ም. የገዙት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ። ባለፈው ወር ጭራሽ አልነሳም አለ። ተጠራሁ። ለምን እኔ? ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ስለምቀመጥ። በእኛ ዘመድ ዘንድ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሁሉ ኮምፒውተር ይጠግናል። (ሹፌሩን የአክስቴን ልጅ ግን ማንም ሞተር አውርድ ብሎት አያውቅም።)

ፈታሁት። ውስጡ ያለው አቧራ ጤፍ ያበቅላል። መብራት የሚያከፋፍልለት ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሏል። ሃርድ ዲስኩ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ራሙም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) አልቆለታል።

«ጋሼ፣ በዚህ ወጪ ላይ ትንሽ ጨምረው ላፕቶፕ ቢገዙስ?»

«ይሄ ብረት ነው!» አሉና ጎኑን መታ መታ አደረጉት። «የዛሬ ዕቃ ላስቲክ ነው።»

ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ።

መገናኛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ለዚህ ኮምፒውተር የሚሆነው የራም ዓይነት ዲዲአር 2 ይባላል፤ አለ ወይ አልኩ። ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ መሳቢያ ከፍቶ አንድ አወጣልኝ።

«ይሄ ዲዲአር 3 ይላል እኮ።»

«ያው ነው ወንድሜ። ይገባል።»

ያው አይደለም። እርግጥ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ርዝመታቸው እኩል ነው። የእግራቸው (ከታች የተደረደሩት የብረት ጥርሶች) ብዛት እንኳን እኩል 240 ነው። ልዩነቱ ከታች ጠርዛቸው ላይ የተቆረጠችው ክፍተት ናት፤ ጥቂት ሚሊሜትር ፈቀቅ ትላለች። ፈቀቅ ያደረጓት ደግሞ ሆን ብለው ነው። አንዱ በ1.8 ቮልት፣ ሌላው በ1.5 ቮልት ስለሚሠራ፣ ሰው ተሳስቶ እንዳይሰካው ነው። መሐንዲሶቹ ሁሉን አስበው ነበር። ያላሰቡት መገናኛን ነው። አይገባም ብዬ ስመለስ ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ትንሽ ጫን በለው።»

እኔ «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚለውን ተረት እወዳለሁ። ተጽፎልኝ በር ላይ ብሰቅለው ደስ ይለኛል። በርም ስል ትዝ አለኝ፤ የእኔ የመታጠቢያ ቤት በር ከፍ አድርገው በጉልበት ካልገፉት አይዘጋም። የገጠመው ሰውዬ ገና ሲለካው «ይገባል» ብሎ ነበር። ሴራሚክ ያነጠፈውም እንዲሁ። ውኃው አሁን ወደ ማፍሰሻው ሳይሆን ወደ ሳሎን ነው የሚሄደው። «ቁልቁለቱን እያየህ ነው?» ስለው «አትስጋ» አለኝ። ካልተጠነቀቁ ሰዎች ሁሉ አትስጋ የሚል የባሰ ነው።

መንገድ የሚያሳዩንስ? አባዶ ብሎክ ቁጥር የጠየቀ ሰው የማያውቀው ጉድ የለም። «ገባ ብሎ ነው።» ገባ ትላለህ። ሌላው ደግሞ «አለፍከው፣ ወደ ኋላ ነው» ይልሃል። ሁለቱም አያውቁትም። «አላውቅም» ማለት ስንት ብር ያስከፍላል? እውነቴን ነው፣ ይሄ ነገር ያናድደኛል። ትህትና ይመስላቸዋል። በሰው ጊዜና በሰው የታክሲ ሂሳብ ትሁት መሆን ማን ያቅተዋል?

ከጋሼ ጋር ያለኝን የቆየ ቂምም ላንሳው እንጂ። ይህ ኮምፒውተር አዲስ በነበረበት ጊዜ እኛ ልጆች አጠገቡ አንደርስም ነበር። ሞኒተሩ አንድ ዳንቴል፣ ሳጥኑ ሌላ ዳንቴል፣ ኪቦርዱ ሦስተኛ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ዳንቴሉ ይገፈፋል፤ ጋሼ ሶሊቴር ይጫወታሉ፤ እኛ ቆመን እናያለን። አንድ ቀን ማውዙን ብነካ «እጅህን ታጥበሃል?» አሉኝ። ታጥቤ መጣሁ። ዳንቴሉ ተመልሶ ለብሷል። ዛሬ ያንኑ ኮምፒውተር ይዤ አራት ፎቅ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ።

ለምን አይጥሉትም እንዳትሉ፤ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ መዝገቡ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። በድሮው የኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል (ፎንት) የተጻፈ ስለሆነ፣ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሟቾች ስም ሁሉ የላቲን ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው፣ ቀኑን የምትይዘው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪም ከሞተች ቆይታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ 2008 ይመለሳል። አምና አንድ አባል ዘንድሮ ከፍያለሁ ብሎ ደረሰኝ አወጣ፤ ደረሰኙ 2008 ይላል። ግማሹ በፈረንጅ ነው አለ፣ ግማሹ በእኛ ነው አለ። ሁለቱም ልክ አልነበረም። ስብሰባው እስከ ማታ ቆየ።

ፓወር ሰፕላዩን ሌላ ሱቅ አገኘሁት። «ይሠራል?» አልኩ። «እንዴታ! ላሳይህ» ብሎ ሰካው። ጧ! ሱቁ በተቃጠለ ነገር ሽታ ታፈነ። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ። 115 ላይ ነበር። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ሻጩ ጭሱን በእጁ እያራገበ «መብራት ኃይል ነው» አለ። ከሌላ ሱቅ ገዛሁ፤ ማብሪያውን ሦስት ጊዜ አየሁት።

ያለ ጣጣ የገባው በሃርድ ዲስኩ ፈንታ ያመጣሁት ኤስኤስዲ (አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ብቻ ነው። የድሮው የዲስክ ገመድ (ሳታ የሚሉት) ሳያጉረመርም ተቀበለው። ቦታው ስለሰፋው በፕላስተር ነው ያሰርኩት። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

የቀረኝ ያው ራሙ ነው። ትናንት መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ድረስ ወረድኩ። የማዘርቦርድ ክምር መሀል በርጩማ ላይ የተቀመጠ ልጅ ጥያቄዬን ሰማና «667 ነው 800?» አለ።

«አላየሁትም። ለውጥ አለው?»

«አላውቅም። ቦርዱን ሳላይ ይሠራል አልልህም። የድሮውን ይዘሃል?»

አላውቅም አለኝ! ልስመው ምንም አልቀረኝ። የድሮው ግን የካ አባዶ፣ ዳንቴል ላይ ነው። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሞኒተሩ አጠገብ ያስቀመጥኳትን ራም ያንሷትና ላይዋ ላይ ያለውን ያንብቡልኝ።»

መነጽር ፍለጋ ተገባ። መሳቢያ ተከፈተ፣ ተዘጋ። የስልክ ካርዴ እየነጎደ ነው።

«እሺ፣ ይዣታለሁ።»

«ምን ይላል?»

«አረንጓዴ ነው።»

ልጁ ቀና ብሎ «ምን አሉ?» አለኝ።

«አረንጓዴ ነው አሉ።»

ዞር ብሎ ክምሩን አየ። ሁሉም አረንጓዴ ነው።