ግልጽ ደብዳቤ ለጣሪያዬ ጠብታ

ቀን፦ ኅዳር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ
ለክብርት ወይዘሮ ጠብታ
ከትራሴ በላይ፣ ሦስተኛው የጣሪያ አጥንት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ግንባሬን ይመለከታል

ክብርት ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን አደሩ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ረጥቤ አድሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ጋቢዬን ተከናንቤ በስልኬ መብራት ሲሆን ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ሳልደርስ "እርስዎ" የምትለዋ ቃል ላይ ወርደው ቀለሟን አጠቧት። ስለዚህ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሦስት ወር ሙሉ በየሌሊቱ ግንባሬን እየመታ ከሚቀሰቅሰኝ ፍጥረት ጋር አንቱታ አይዘልቅም። አንቺ ልበልሽ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላ ሰው ሲያነበው እንዳይደናገር አድራሻችንን ልናገር። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ዳር፣ እናቴ ግቢ በር ላይ ከባሕር ዛፉ ሥር በቆመ አሮጌ ዶልፊን ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ወጥተው ከኋላ አልጋ ገብቷል፤ ከሹፌሩ ጀርባ ቡታጋዝ፣ ሁለት ጀሪካንና አንድ መሳቢያ አለ። መሳቢያው በሩ ካልተከፈተ አይከፈትም፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ብርዱ ይገባል፤ ስለዚህ ማንኪያ ሲያስፈልገኝ ሁለቴ አስባለሁ። አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲለኝና እማዬም ጉልበቷን አሟት "ልጆቼ ሁሉ ሩቅ ናችሁ" ስትል፣ ለሁለቱም መላ አገኘሁ ብዬ መኪናዋን ገዛሁ። ሥራዬ ሂሳብ መዝጋት ነው፤ ላፕቶፕና ኔትወርክ ካለ የትም ይሠራል። ከእናቴ አጠገብ፣ ግን በራሴ ቤት! ለጓደኞቼ ስነግራቸው ደረቴን ነፍቼ ነበር።

እውነትም ራሴን የቻልኩ ሰው ነኝ። መብራቱ ከእማዬ መስኮት በኤክስቴንሽን ይመጣል። ውሃው ከእማዬ ሮቶ በጀሪካን ይቀዳል። እንጀራው ከእማዬ መሶብ ነው፤ ሽንት ቤቱም የእማዬ ነው። የቀረው የራሴ ነው። የቀረው ምን እንደሆነ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ስቆጥር አንቺን አገኘሁሽ።

ስለ ከተማዋ ስም የሚነገረውን ሰምተሽ ይሆናል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ቦታ ላይ ከሰማይ ብርሃን ታያቸው፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። ለንጉሥ ብርሃን ይወርድለታል። ለሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ አንቺ ትወርጂለታለሽ። እንደ አቅሚቲ ነው፤ አላማርርም።

የማማርረው ስላዋረድሽኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ፍራሼን ፀሐይ ለማስመታት ጣሪያው ላይ አሰጣለሁ፤ ብርድ ልብሱን ኮፈኑ ላይ። የሰፈሩ ሰው በዚያ ሲያልፍ ምን ያያል? የአርባ ሁለት ዓመት ሰው በየቀኑ የራሰ ፍራሽ ሲያሰጣ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ይኼ ነው የከፋው። ብቻ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች "ጋሼ፣ ዛሬም?" ማለት ጀመሩ። ከዚያ አክስቴ አንድ እሑድ ጠርሙስ ጠበል በነጠላዋ ሸፍና መጣችና፣ ግቢው ውስጥ ማንም እንደሌለ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ "የኔ ጌታ፣ ሰው ሆኖ የማይታመም የለም። ከመቼ ወዲህ ነው የጀመረህ?" አለችኝ። ጣሪያው ነው ብላት እጄን ይዛ "አዎ፣ አዎ፣ ጣሪያው ነው" አለችኝ፤ ለሕመምተኛ እንደሚባለው። እማዬ ከጓዳ ሰምታ ልትከላከልልኝ ወጣች፤ "ኧረ በስማም! እሱ እኮ ከሰባት ዓመቱ ወዲህ የለበትም!" አለች። ለጎረቤት በሚሰማ ድምፅ።

መጀመሪያ ቀዳዳ መስለሽኝ ነበር። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሲሊኮን ያልቀባሁት ስፌት የለም። ሰማዩ ጥርት ባለበት በኅዳር ዝናብ የሚያፈስ ቀዳዳ እንደሌለ ለመረዳት ሁለት ቱቦ ሲሊኮን ፈጀብኝ። በኋላ ግን የዘር ሐረግሽን አጠናሁ። ሰው ተኝቶ ሲተነፍስ እንፋሎት ያወጣል። ቡታጋዙ ደግሞ ይብሳል፤ አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል፤ ጋዙ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተጋብቶ የሚወልደው ነው። እኔ ማታ ማታ "ቤቱን ላሙቅ" ብዬ የማነደው እሳት ለካ ውሃ ሲያስቀዳልሽ ያመሻል። ሙቅ አየር እንፋሎቱን እንደ ተሸካሚ ተሸክሞ ይዞራል፤ ቀዝቃዛ ላሜራ ሲነካ ሸክሙን እዚያው ይጥላል። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ደመና ስለሌለው የቀኑ ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ይሸሻል፤ ባቄላውን ውርጭ ይመታዋል፤ ላሜራው ሊነጋ ሲል በረዶ ይሆናል። አንቺም ያን ጊዜ ነው የምትመጪው። እንደ ቀጠሮ ሰው፣ 11 ሰዓት ላይ።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 91 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ባቄላ ቶሎ አይበስልም። አክስቴ ከጠበሉ ማግስት "ሰውነትህ እንዲጠገን" ብላ ንፍሮ ልትቀቅልልኝ ዶልፊኑ ውስጥ ድስት ጣደች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈላ። ያን ሌሊት አንቺ ብቻሽን አልመጣሽም፤ ዘመድ አዝማድሽን አስከትለሽ ነው። ንፍሮው ግን ጥሩ ነበር።

ለምን ሦስተኛው አጥንት ላይ እንደምትቀመጪም ደርሼበታለሁ። ቦዲ ሠሪው ላሜራውን በስፖንጅና በኮምፔንሳቶ ሲሸፍን የጣሪያውን አጥንቶች ባዶ ትቷቸዋል። "ለውበት ነው ጋሼ፣ ዘመናዊ ይመስላል" ብሎኝ ነበር፤ እኔም ዘመናዊ መስሎኝ ከፈልኩ። ብርዱ በብረቱ በኩል መንገድ አገኘ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይላሉ ሰዎች፤ ለእነሱ ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ ለእኔ ግን ላብ የሚያንጠባጥብ አጥንት ደረሰኝ። እማዬን አስገብቼ ሳሳያት ምርመራዋ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ጣቷን ብረቱ ላይ አድርጋ፣ "ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ያለቅሳል። አባትህ ይህን ቤት ሲሠራ መጀመሪያ አቡጀዲ የወጠረው ለምን መሰለህ?" አለችኝ። ቦዲ ሠሪው ይህን ሳያውቅ ስንቱን መኪና ቤት እያደረገ እንዳስለቀሰ እንጃ።

መስኮት ከፍተህ እደር የሚል ምክር ሰጡኝ። ትክክል ነው፤ ሲከፈት አንቺ ትቀንሻለሽ። ነገር ግን ከጣርማ በር የሚወርደው ነፋስ በሁለት ጣት ክፍተት ገብቶ ጆሮዬን ይዞ ይነሣል። በዚያ ላይ መኪናዋ ገና ሰማያዊና ነጭ ናት፤ የቀለም ዋጋ ስጠይቅ ነው ቀለሟን የወደድኩት። አንድ ማለዳ በሩን ለአየር ብዬ ገርበብ አድርጌ ሸለብ ሲያደርገኝ አንዲት እናት ዶሮ ይዘው ገቡ፤ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጡ፤ "ወደ ጫጫ ከተማ ነው አይደል? ረዳቱ የት ሄዶ ነው?" አሉኝ። ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ስቤ "አልሞላም እማማ" ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? ዶሮዋ ግን የወረደችው በመከራ ነው።

ከሰልም ተሞክሯል፤ ማለት ሊሞከር ነበር። እማዬ አንድ ማታ የጋመ ማንደጃ ተሸክማ በዚያ በታመመ ጉልበቷ እስከ በሩ መጣች። እንቢ አልኳት። የእናቱን እሳት እንቢ ያለ ልጅ ፊቷ ላይ ምን እንደሚያይ አንቺ አታውቂም፤ ፊት የለሽም። በተዘጋ ጠባብ ቦታ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ሽታም መልክም የለው፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ይህን ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ "እሳት የማይገባበት፣ መስኮት የማይዘጋበት፣ ሰው ደረቅ የማያድርበት። ታዲያ ምን ሠራሁ ነው የምትለው?" አለችኝ። ማንደጃውን ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ የመንዝ ባና አልጋዬ ላይ ተጣጥፎ አገኘሁ። እሱ እንኳ ረድቶኛል፤ የበግ ጠጉር የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ደረቅ ይመስላል። ከገዛሁት ብርድ ልብስ ጋር አይገናኝም። እሱ አንዲት ጠብታ ከወደቀችበት ሌሊቱን ሙሉ ያወራታል።

አሁን ወደ ክሱ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ብርዱ ሲጠናብኝ፣ ለአንዲት ሌሊት ብቻ ብዬ፣ ለማንም እንዳይወራ አስምዬ፣ እማዬ ቤት አደርኩ። መደቡ ተነጥፎ ነበር። መቼ እንደተነጠፈ አልጠየቅኩም፤ አንሶላው ላይ ያለው እጥፋት ግን የዚያ ቀን አይመስልም። ጠዋት ዶልፊኑን ስከፍት ጣሪያው ደረቅ ነው። ሦስተኛው አጥንት ደረቅ። ትራሱ ደረቅ። ብርዱ ያው ብርድ ነበር፤ የጎደልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ለካ ሦስት ወር ሙሉ ስረግምሽ የነበርሽው የገዛ ትንፋሼ ነሽ! ጠበቃ ባማክር፣ ከሳሽም ተከሳሽም አንድ ሰው ነው ብሎ ፋይሉን ይዘጋዋል።

ስለዚህ ክሱን ወደ ድርድር ቀይሬዋለሁ። የምጠይቅሽ ይህ ነው፦ ከሦስተኛው አጥንት ወደ አራተኛው ተዛወሪ። አርባ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። እዚያ ብትወርጂ የምታርፊው ባናው ላይ ነው፤ እሱ ይጠጣሻል፤ ማንም አያይም፤ እኔም ፍራሽ አላሰጣም። በምላሹ ማታ ቡታጋዝ ለሙቀት አላነድም፤ ንፍሮም በእማዬ ማዕድ ቤት ይቀቀላል። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ አቡጀዲ እገዛለሁ፤ ወጠራውን ራሷ እማዬ ልታሳየኝ ቃል ገብታለች፤ ወንበር ላይ ግን እኔ ነኝ የምወጣው። እስከዚያ ድረስ መልስሽን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በቃል ከሆነ ግን እባክሽ ከግንባሬ ራቅ ብለሽ።

ከሰላምታ ጋር
ራሱን የቻለው

ግልባጭ፦
ለእማዬ፣ ለእውቅና (ዛሬ ማታም ብርድ ነው ስለተባለ መደቡ እንዳይነሣ)
ለአክስቴ፣ ከጠርሙሱ ጋር
ዶሮ ይዘው ለገቡት እናት፣ ጫጫ