ከቁፋሮው በፊት ማረሻው ይቁም

እርሻ መሃል ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የመቃብር ጉብታ ተገኘ የሚል ዜና ሲወጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «መቼ ነው የሚቆፈረው?» ብሎ ነው። ጉጉቱ ይገባኛል፤ ውስጡ ማን እንዳለ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ግን አትቸኩሉ ባይ ነኝ።

እንግሊዝ ውስጥ፣ ግሎስተርሼር፣ ሄዝልተን ኖርዝ የሚባል የአዲሱ ድንጋይ ዘመን መቃብር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1982 ተቆፈረ። አጥንቶቹ ወጥተው ተቀመጡ። ያኔ ከጥንት አጥንት ዲኤንኤ ማውጣት የሚባል ነገር አልነበረም። በ2021 መጨረሻ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ግን ጉድ ያሰኛል፦ ከተመረመሩት 35 ሰዎች 27ቱ አምስት ትውልድ የዘለቀ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ሆነው ተገኙ! የዘሩ መነሻ አንድ አባትና ከእሱ የወለዱ አራት ሴቶች ናቸው። እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ የእንጀራ ልጆቹ ነገር ነው። እናታቸው ከቤተሰቡ ወንድ የወለደች፣ የእነሱ አባት ግን ሌላ ሰው የሆነ ወንዶች እዚያው አብረው ተቀብረዋል። የዛሬ 5,700 ዓመት ገደማ እንደ ልጅ ተቆጥረው ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅነው አጥንቶቹ 40 ዓመት ያህል በደንብ ስለተጠበቁ ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው መሣሪያም የመጨረሻው አይደለም። ቁፋሮ ደግሞ አንዴ ነው፤ የተቆፈረ አፈር እንደነበረ ተመልሶ አይደረደርም። ስለዚህ አዲስ ጉብታ ሲገኝ ቢያንስ ከፊሉ ሳይነካ ይቆይ። መሬት ሳይቆፈር ውስጡን የሚያሳዩ መሣሪያዎች እኮ አሉ፣ ለጊዜው በእነሱ ይታይ።

ይቆይ ስል ግን እየታረሰ ይቆይ ማለቴ አይደለም። እዚያው እንግሊዝ፣ የጥንት የድንጋይ ክበቦች በቆሙባቸው በስቶንሄንጅና በኤቭበሪ መካከል፣ ካትስ ብሬይን በተባለ ቦታ የነበረው ጉብታ ሲታረስ ኖሮ ከመሬት እኩል ሆኗል። የታወቀው ከአየር ላይ በተነሳ ፎቶ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በጉብታው ጎን ተቆፍሮ የነበረውን የጥንቱን ቦይ የሞላው አፈር እርጥበት ስለሚይዝ እህሉ እዚያ ላይ ረዘም፣ ለምለም ብሎ ይታያል። በ2017 ሲቆፈር ቦዮቹና የእንጨት ቤት መሠረት ተገኙ፣ ከላይ የተቆለለው አፈር ግን የለም። ማንም በክፋት አላፈረሰውም። ሰው እርሻውን ነው ያረሰው።

ለዚህ ነው ገበሬውን «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንዳታርስ» ብሎ ጥሎት መሄድ ግፍ የሚሆነው። ቅርሱ የሁላችንም ነው ካልን ወጪውን እሱ ብቻ ለምን ይሸከማል? በየዓመቱ ያጣው ምርት ይከፈለው፣ ቦታው ሣር ይልበስ፣ በግ ያሰማራበት። ይህ ካልሆነ ሌላው ገበሬ ማረሻው ያልተለመደ ድንጋይ ሲነካ ለማንም ትንፍሽ ሳይል ወደ ዳር ገፍቶት ያልፋል፣ እኛም ዜናውን ጭራሽ አንሰማም።